አንድ ቁጥርን ማን ተጫነው?

መዝገብ ቤታችን የፍለጋ መስኮት በከፈተ ሰሞን ከተሰለፈው ሰው መካከል የራሱን መዝገብ ሊያይ የመጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሌላ ሰው ሊያይ ነው የመጣው። አንዷ የቀድሞ ባሏ እንደገና አግብቶ እንደሆነ፣ አንዱ አማቱ በእርግጥ የሚሉትን ያህል አርጅተው እንደሆነ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የሚፎካከሯቸው ባልንጀራቸው በእውነት በዕድሜ ከእሳቸው ያንሱ እንደሆነ።

ቅጹ ላይ «የፍለጋው ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኳላ ላምፑር ስማር ስለዚያ ክፍት ቦታ ከመምህሮቼ ጋር ስከራከር ከርሜ፣ በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፌን ጽፌበታለሁ። የከተማችን የጭሮ ሰው ግን በአንድ ቃል ጨረሰው፦ «እንዲሁ»።

ደንቡ አስቸጋሪ አይደለም። የራስህን መዝገብ ማየት መብትህ ነው። የሌላ ሰው ማየት ከፈለግህ ስምህንና ምክንያትህን ትጽፋለህ፤ ለባለመዝገቡ በስልኩ መልእክት ይሄዳል። አንድ ቁጥርን ከተጫነ መዝገቡ ይከፈትልሃል፤ ሁለትን ከተጫነ ወይም ዝም ካለ ይዘጋል። ካየህ በኋላ ደግሞ ያየኸው ነገር አደራ ነው። ፎቶ አታነሳውም፣ ለሦስተኛ ሰው አታሳልፈውም፣ በርጫ ላይ ጫት እየቃምክ አታወራውም። የመጨረሻዋን ያስጨመረችኝ ዓይናዲስ ናት። ከደብረ ታቦር ተመድባ የመጣች፣ ከእኔ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ፣ ከተማዋን ከእኔ ከተወላጇ በላይ የምታውቅ ልጅ ናት። «ይሄን ካልጻፍሽ» አለችኝ፣ «የቀረውን ሁሉ ባትጽፊውም ይሻላል።»

እውነት ለመናገር፣ ደንቡን ለጥፌው ከወንበሬ ስቀመጥ እኔም አላመንኩበትም። ሰው ሁሉ የሰውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚያውቅበት ከተማ ምኑን ነው የምደብቀው? አንዳንድ ቀን ለሌላ አገር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ማታ ደግሞ ሳልልከው እተወዋለሁ። ሻንጣዬን ግማሹን ነው የፈታሁት።

እንዲህ ባለው ቀን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ አዳዳ መጣች።

አዳዳ ማለት የአባት እህት ነው። የእኔዋ ዑሙልኸይር ትባላለች። እናቴ ከሞተች በኋላ አዲስ አበባ ለትምህርት እስክሄድ ድረስ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጫት ተራ ውስጥ ከሁሉ የምትፈራ ነጋዴ ነች፤ ከተማችንንም እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ ብላ አታውቅም። በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የመንግሥት ሰዎች!»

«ወአለይኩም ሰላም። አዳዳ፣ ሰልፉ በዚያ በኩል ነው።»

«ሰልፍ? ኢንሳፍ፣ አንቺን ያሳደግኩሽ በሰልፍ ነው?»

ዓይናዲስ ሳቋን ለመደበቅ የማተሚያውን ወረቀት ለማስተካከል ጎንበስ አለች። አዳዳ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አንሾካሾከች። የአዳዳ ሹክሹክታ ጫት ተራ ድረስ ይሰማል።

«ዚያድ ሚስት አለው?»

ዚያድ ልጇን ሰልዋን ሊያገባ ያለው የሚኤሶ ሰው ነው። ከበደሳ ከተማ ጫት እየጫነ ወደ ቆላው የሚያወርድ አይሱዙ አለው። ሽማግሌ ልኮ፣ ቃል ተሰጥቶት፣ ኒካሑ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ለዓርብ ተቆርጦ ነበር።

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«አንቺ አታውቂም። እሱ ያውቃል» አለችኝ ኮምፒውተሩን በአገጯ እያሳየችኝ።

«ማን ምን አለሽ?»

«ሳህሊቱ። የግመል ወተት የምታመጣልኝ። ሚኤሶ ላይ አይታዋለች። ሴት ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፣ ልጅቷም አባቴ አባቴ ትለዋለች።»

«የወንድሙ ልጅ ትሆናለች።»

«ወንድም የለውም። ጠይቄያለሁ።»

«ታዲያ እሱን ራሱን ጠይቂዋ።»

በጥፊ ምቺው ያልኳት ይመስል አየችኝ። ነገሩ ገብቶኛል። ሽማግሌዎች መጥተው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ልጃችንን ሰጥተናል ከተባለ በኋላ ሙሽራውን «ለመሆኑ ሚስት አለህ?» ማለት ሽማግሌዎቹን ውሸታም ብሎ ማባረር ነው። ጥያቄው ከዚያ በፊት መጠየቅ ነበረበት። አሁን ለሰው የማይጠየቅ ሆኗል። ማሽን ግን አይቀየምም።

«አውቃ ከገባች የራሷ ጉዳይ ነው» አለች አዳዳ፣ አሁን በእውነት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሳታውቅ ግን ሁለተኛ ሚስት አትሆንም። ወላሂ አላደርገውም። ሚስት ካለው ዓርብ የሚባል ነገር የለም።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ መናገርም አያስፈልጋትም። የአዳዳ ባል በደሳ ሌላ ቤት ነበረው። እሷ ያወቀችው ከሠርጓ በኋላ ነው። በቤታችን ይህ ነገር ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሳው ጉዳይ ነው።

የዚያድ መዝገብ ከጣቴ ሁለት ንክኪ ብቻ ነበር የሚርቀው። አላየሁትም። ደንቡን አስረዳኋት።

«እና መልእክቱ የጠየቀውን ሰው ስም ይናገራል?»

«ይናገራል።»

«እንግዲያው በአንቺ ስም አድርጊው።»

«አይሆንም፣ አዳዳ።»

«በዚህች በዓይናዲስ ስም አድርጊው።»

«ኧረ እትዬ!» አለች ዓይናዲስ። «እኔ ደብረ ታቦር እጮኛ አለኝ። ስሜ ከሚኤሶ ሙሽራ ጋር ተነሥቶ ቢሰማ ማን ያስታርቀኛል?»

አዳዳ ትንሽ አሰበች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩትን ተናገረች።

«በራሴ ስም ጻፊው። ዑሙልኸይር አብዱናስር። እኔ ነኝ የጠየቅኩት፤ ምን እንዳይመጣ ነው?»

«ምክንያት?»

«እናት ነኝ።»

«እናትነት እንደ ምክንያት...»

«እንዲሁ ብሎ የጻፈውን ሁሉ ስትቀበዪ ውለሻል አሉ። የእኔ ከእንዲሁ ያንሳል?»

አላነሰም። «ልጄን ሊያገባ ስለሆነ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። ለመልሱ ቀናት እንደሚያስፈልጉ፣ ብዙ ሰው ጭራሽ እንደማይመልስ፣ ወደ ቤት ሄዳ መጠበቅ እንዳለባት ልነግራት አፌን ስከፍት ማያው አረንጓዴ ሆነ። *ባለመዝገቡ ፈቅደዋል።* ከሥሩ ደግሞ *ክፈት* የሚል ሰፊ ቁልፍ በራ።

«ምን አለ?»

«ፈቀደ።»

«ይኸው!» አዳዳ ጭኗን መታች። «የሚደብቀው የለም ማለት ነው። ማሻአላህ! በይ ክፈቺው።»

እጄን ወደ ማውሱ ሰደድኩ። ተፈቅዷል፤ በእኔው ደንብ፣ በእኔው ቀለም። ግን ዓይናዲስ ከጎን ሆና ትመለከተኝ ነበር።

«እዚህ አገር» አለች ቀስ ብላ፣ «ለአጭር መልእክት እንዲህ ቶሎ የሚመልስ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ባለመኪና ስለሆነ ፈጣን ነው» አለች አዳዳ። «ደግሞ ጨዋ ነው። መሪ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም፤ ይሄን ነው የወደድኩለት።» ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ራሷም ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ሰዓት የዚያድ አይሱዙ ወይ በደሳ እየጫነ ወይ መንገድ ላይ ነው።

መዝገቡ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አላደረግኩትም፤ ግን ስልኩን ያነሳው ሰው በደሳ ሆኖ የሚጮኸው ጭሮ ያለ ስልክም እንዲሰማው ይመስል ነበር።

«ሃሎ! እየጫንን ነው አልኩ እኮ! አሁን እንነሳለን፣ አትጨቅጭቁን!»

«ዚያድ ነህ?»

«ዚያድ የለም። ሳቢት ነኝ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«የዚያድ ስልክ አይደለም?»

«የመኪናው ስልክ ነው፣ አቦ! መኪናውን የያዘ ያነሳዋል። ዚያድ ዛሬ እረፍት ነው፣ ሚኤሶ ቤቱ ነው። ዛሬ እኔ ነኝ የምነዳው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። የጫት መኪናዎቹ ጎን ላይ በትልቁ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ። ከበደሳ እስከ ቆላው ያለው ደንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ያንን ነው። ሹፌር ይቀያየራል፤ ቁጥሩ ግን ከመኪናው ጋር ይኖራል። ዚያድ ሲመዘገብ «ስልክዎ?» ሲባል ሰው የሚያውቅበትን ሰጠ። ኳላ ላምፑር ሆነን አንድ ስልክ ማለት አንድ ሰው ነው ብለን ስንነሳ የሚጠራጠር አልነበረም። እኔም አልተጠራጠርኩም፤ የጫት ነጋዴ ቤት ያደግኩት ልጅ።

«ሳቢት፣ ቅድም መልእክት ደርሶህ ነበር?»

«ደርሷል! አንድን ተጫንኩ። የካርድ ስጦታው መቼ ነው የሚገባው?»

«መልእክቱን አንብበኸዋል?»

«እኔ መነጽሬን አልያዝኩም። ሚዛኑ ላይ ያለው ቅዱስ ነው ጮክ ብሎ ያነበበልን።»

«ያነበበላችሁ? ስንት ሆናችሁ?»

«ገበያ ነው እኮ! ግማሹን በጥሩምባ አልሰማሁትም፣ አንድ ይጫኑ የምትለዋን ግን ሰማኋት።» ከበስተኋላው ሌላ ድምፅ ተሰማ፦ «ሳቢት! የስጦታ አይደለም! የዚያድን የጋብቻ መዝገብ ማየት ይፈልጋሉ ነው የሚለው! ዑሙልኸይር ናት የጠየቀችው!» «የቷ ዑሙልኸይር?» «የአሰበ ተፈሪዋ፣ አማቱ!» ከዚያ የብዙ ሰው ድምፅ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያም ሳቢት፦ «እህቴ፣ ሃሎ? ለማንኛውም ለእትዬ ዑሙልኸይር ሰላም በይልን፤ ለዓርቡ እየመጣን ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። አዳዳ ሁሉንም ሰምታለች። የተሰለፈውም ሰው ሰምቷል።

«እና በደሳ ሙሉ አወቀ።»

«አወቀ።»

«እንግዲያው ክፈቺው። ከተዋረድኩ አይቀር አይቼ ልዋረድ።»

«የፈቀደው እሱ አይደለም፣ አዳዳ።»

«ኮምፒውተሩ ፈቅዷል ይላል።»

«ኮምፒውተሩ ማን እንደተጫነው አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግ ተገዛ?»

ቁልፉ አሁንም አረንጓዴ ነበር። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያስፈራው ክፉ ነገር አለመምሰሉ ነው። እንዲያውም ደግ ነገር ይመስል ነበር። ባልከፍተውና ሰውየው ሚስት ቢኖረው፣ ሰልዋም ዓርብ ቀን ሳታውቅ ብትገባ፣ ደንቤ ለማን ይጠቅማል? ብቻዬን ሰርቄ አየውና ከዚያ እወስናለሁ የሚል ሐሳብም መጣብኝ። ይሄኛው ነው ያስደነገጠኝ። እኔ ብቻ አይቼ ስለ ሁሉም የምወስን ከሆነ መስኮቱ ለምን ተከፈተ? ሰርዝ የሚለውን ተጫንኩ። አረንጓዴው ጠፋ።

አዳዳ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነሥታ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና እግሮቿን አጠላለፈች።

«ወደ ቤት አትሄጂም?»

«እስኪመጣ እዚህ ነኝ።»

«ማን?»

«ሙሽራው ነዋ። በደሳ ያወቀውን ሚኤሶ እስኪያውቅ ምን ያህል ይፈጃል? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስቢው።»

ተቀምጬ የመልእክቱን ጽሑፍ መቀየር ጀመርኩ። ማን፣ ምን፣ ስለምን የሚለውን ሁሉ አወጣሁና «ስለ እርስዎ ጉዳይ ቢሯችን ብቅ ይበሉ» ብቻ አደረግኩት። ዓይናዲስ ከትከሻዬ በላይ አንብባ፣ «ይሄ ደግሞ ሰውን በድንጋጤ ይገድላል» አለችኝ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት። የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ ብዬ የላክሁት መልእክት ምስጢሩን ጫት ሚዛን ላይ አስነብቦታል፤ ከእንግዲህ የምጽፈውን ማን ያምነዋል?

ከሚኤሶ በፊት የመጣችው ሰልዋ ናት። ከምትሠራበት ፋርማሲ ከነነጭ ጋውኗ ነው የሮጠችው።

«እማ! ምን አድርገሽ ነው? የሳል ሽሮፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ነው እኮ የነገረኝ!»

«ያደረግኩት ላንቺ ነው።»

«እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ሰልዋ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ የተሰለፈውን ሰው አየች፤ ዘጋችው። ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሰልዋ ዝም የምትለው የምትለው ሲጠፋት አይደለም።

ዚያድ የመጣው ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰው። ወደ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል ብለን ሁላችንም ስንጠብቅ ሄዶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ከፊቱ የነበሩት ሰዎች እየዞሩ ያዩታል፤ አንዱ ቅደም አለው፣ አልቀደመም። ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየኝ።

«አሰላሙ አለይኩም። ስለ እኔ የቀረበ ጥያቄ አለ ብለውኝ ነበር። መልስ ልሰጥ ነው የመጣሁት።»

አዳዳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአገልግሎት ሰዓት ታነብ ጀመር።

መታወቂያውን ተቀብዬ አየሁት። መፍቀድም መከልከልም መብቱ እንደሆነ፣ ከከለከለ ምክንያት እንደማይጠየቅ ነገርኩት።

«መዝገቡ ምን ይላል?» አለኝ።

«አላየሁትም።»

«ሳቢት አንድን ተጭኛለሁ ብሎኛል እኮ።»

«አንተ አልተጫንክማ።»

መታወቂያውን ተቀብሎኝ ኪሱ ከተተ። ያመነኝ ይሁን ያላመነኝ አላወቅኩም።

«እንግዲያው ሁለት» አለ። የቁጥር ሰሌዳዋን አቀረብኩለት፤ በገዛ ጣቱ ተጫነው። ማያው ቀላ።

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው «አይ፣ ይኸው!» አለ። አዳዳ ከአግዳሚው ተነሣች።

«ሁለት? ሰማሽ ሰልዋ? ሁለት አለ!»

«እናቴ» አላት ዚያድ ወደ እሷ ዞሮ። «የከለከልኩት ኮምፒውተሩን ነው። እርስዎን አይደለም። ከዚህ ወጣ እንበልና የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«ኢንሳፍም ትምጣ» አለች አዳዳ። «ምስክር ትሁነኝ።»

ዓይናዲስ መስኮቱን ተረከበችኝ። አራታችን ግቢው ጥግ፣ የተበላሹ ወንበሮች የተከመሩበት ጋ ቆምን። አዳዳ እጆቿን አጣምራ ጠበቀች። አሁንም ጥያቄውን በአፏ ልታወጣው አልቻለችም፤ እሱም አላስወጣትም።

«አግብቼ ነበር» አለ። «ሚኤሶ ነው የተጋባነው፤ የተመዘገብነውም ያኔ ነው። ድርቁ ከብቱን ሲጨርሰው እሷ ሳዑዲ ለሥራ ሄደች። ከዚያ ሆና ልቀቀኝ አለችኝ። ለቀቅኳት። ፍቺው ያለቀው ቃዲ ፊት ነው፤ እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ይድረስ አይድረስ ግን አላውቅም። ካልደረሰ ባለትዳር ነው የሚለኝ። ያቺን አንድ ቃል በመስኮት ሰምተው ቢሄዱ፣ የቀረውን ማን ይነግርዎት ነበር?»

አረንጓዴውን ቁልፍ አሰብኩ።

«ልጅቷስ?» አለች አዳዳ።

«የእኔ ናት። ሰዓዲያ ትባላለች። እናቴ ጋ ናት።»

«ሽማግሌዎቹ ለምን ይሄን አልነገሩኝም?»

ዚያድ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት፣ እማ» አለች ሰልዋ። «ለእኔ ሽማግሌ ሳይልክ በፊት ነግሮኛል። ሁሉንም። የልጅቷ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ለእማዬ ቆይ፣ መጀመሪያ ትወቅህ አልኩት።»

«ለምን?»

«በአንቺ ፊት ሚስት የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያነሳ ሰው በራችንን እንደማያልፍ ስለማውቅ ነዋ! በአባቴ ምክንያት።»

ማንም የማያነሳው ነገር ተነሣ። በግቢው የሚያልፉ ሰዎች ሰላምታ ሰጡን፤ የመለሰላቸው አልነበረም። የምጠብቀው ጥፊ ነበር፤ ለሰልዋ ወይም ለሙሽራው፣ ምናልባትም ለእኔ።

«ለአንቺ ነግሮሻል» አለች አዳዳ በመጨረሻ።

«ነግሮኛል።»

«በፊት?»

«በፊት።»

አዳዳ ይህቺን በውስጧ ስታመዛዝን ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ወደ ዚያድ ዞረች። «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

«የእናትህ ዓይን ደህና ያያል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽ ትንሽ እያየች ልጅ ታሳድጋለች? ኒካሑ እንደተባለው ይሁን አይሁን አሁን አልናገርም። ሄጄ አያለሁ። ልጅቷን አያለሁ፣ ቃዲውንም ፊቱን እያየሁ እጠይቀዋለሁ። አንተም እንደ ሰው በአፌ ነው የምጠይቅህ። ከዚያ እናገራለሁ።»

«መቼ?»

ከግቢው ውጭ የአይሱዙ ጥሩምባ ጮኸ። በቅጠልና በሸራ የተሸፈነ ጫት እስከ አናቱ የጫነ፣ ጎኑ ላይ ያ ቁጥር በትልቁ የተጻፈበት መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ሹፌሩ፣ ጢሙን ሂና የቀባ ወፍራም ሰው፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነበር።

«ዚያድ! ወላሂ የካርድ ስጦታ መስሎኝ ነው! አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ!»

«አሁን» አለች አዳዳ።

ጋቢናው ውስጥ ገብታ መሐል ተቀመጠች፤ ዚያድ ከጎኗ ተጣበቀ። ሰልዋ ልትከተል ስትል እናቷ በእጇ ከለከለቻት።

«አንቺ ፋርማሲሽን ጠብቂ። ሳቢት፣ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እትዬ፣ ጫት እኮ ነው የጫንኩት፣ ይጠወልግብኛል።»

«እኔስ አልጠወልግም? ቀስ አልኩህ!»

አይሱዙው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባጃጅ ኋላ ቀርቶ ቁልቁል ወረደ። ሰልዋ መንገዱ ላይ ቆማ እስኪሰወር አየችው።

«ከፍተሽው ነበር?» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል።

«አይ።»

«ባለትዳር ሳይል አይቀርም። ከዓርብ በፊት አብረን መጥተን ልናጣራና ልናስተካክለው ነበር።» ጋውኗን በላይዋ ሰበሰበች። «እማ ያንን ብታይ ኖሮ ቁጭ ብላ የማንንም ታሪክ አትሰማም ነበር።»

ትክክል ነበርኩ ማለት አልቻልኩም፤ ስሰርዘው ይሄን አላውቅም ነበርና። ዚያድ ውሸታም ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ነበር የምሰርዘው፤ እንዲሁ ነበር ሰልዋ ከአጠገቤ የምትቆመው። ይህን ለራሴ ማስረዳት እስከ ዛሬ አልተሳካልኝም።

ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ፋርማሲው ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ አብረን ተቀመጥን። ሰልዋ የመድኃኒት ሣጥኖች ታስተካክላለች፤ ያስተካከለችውን ደግሞ መልሳ ታስተካክላለች። መንገድ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሚኤሶም አንዳንዴ መብራት የለም እያልኩ አጽናናኋት። ስልኬ ሲጠራ ሁለታችንም ዘለልን። አዳዳ ነበረች፣ ከራሷ ስልክ።

«ኢንሳፍ! ሰልዋ አጠገብሽ ናት?»

«ናት።»

«ትስማ። ቃዲውን አግኝቼዋለሁ። ፍቺው እውነት ነው፤ ሁለት ምስክርም ጠርቶልኛል፤ እነሱንም ቡና ሳልጠጣ ጠይቄያቸዋለሁ።»

ሰልዋ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ልጅቷስ፣ እማ?»

«ልጅቷ ፀጉሯ አልተሠራም። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሚጎነጉነው? አያቷ በዳሰሳ ነው የሠራችው መሰለኝ። ይኸው ጭኔ ሥር አስቀምጬ እየፈታሁት ነው፣ ኧረ አትንቀሳቀሺ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ! ሰልዋ፣ ለዓርብ ቀሚስ ያስፈልጋታል። ነገ ጠዋት ገበያ ሂጂና ቀይ ግዢ።»

ከስልኩ ማዶ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ቀይ አልወድም!»

«ቀይ አትወድም።»

«ምን ትወዳለች?» አለች ሰልዋ፣ እየሳቀች፣ በጋውኗ እጅጌ ዓይኗን እየጠረገች።

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሷን ጠይቂያት። ይኸው ስልኩን ሰጥቻታለሁ።»